ጥፋቱ የሞተሩ አይደለም

የትምህርት ቤት ሮቦት ሲሞከር ያየ ሰው ትዕይንቱን ያውቀዋል። ሮቦቱ ወደ ሳጥኑ ይጠጋል፣ ይገፋል። ሳጥኑ ንቅንቅ አይልም። ጎማዎቹ ግን ባሉበት ይሾራሉ፤ ሰሌዳው ላይ ጥቁር ጭረት ይተዋሉ፤ የጋለ ላስቲክ ይሸታል። ልጆቹ እርስ በርስ ይተያያሉ። ይኼኔ ከኋላ እጁን አጣምሮ የቆመ አንድ ትልቅ ሰው ፍርዱን ይሰጣል፦ «ሞተሩ አንሷል!»

ልጆቹም ያምኑታል። ለምን አያምኑትም? ትልቅ ሰው ነው፤ አበል ተከፍሎት ነው የመጣው።

ፍርዱ ግን ከሥሩ የተሳሳተ ነው። ባለበት የሚሾር ጎማ የሚናገረው ተቃራኒውን ነው፤ ሞተሩ የሰጠው ጉልበት ተርፏል፣ መሬቱ ነው ያልተቀበለው። ሞተር በእርግጥ ሲያንስ ጎማ አይሾርም። ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ሞተሩ ያጉረመርማል፣ ይግላል፣ ባትሪውን ይጨርሳል። ሁለቱ የተለያዩ በሽታዎች ናቸው፤ መድኃኒታቸውም ለየቅል ነው። ለሚሾር ጎማ ትልቅ ሞተር ማዘዝ ጭቃ ለያዘው ሹፌር «ነዳጅ ስጠው!» ብሎ እንደመጮኽ ነው። ይሰጠዋል፤ ከዚያም እስከ ሻንሲው ይቀበራል።

የአንድ ቃል ስሕተት ምን እንደሚያስከፍል ከአምባሰል በላይ ሊያውቅ የሚገባው ወረዳ የለም። በ1881 ዓ.ም. ውጫሌ ላይ የተፈረመው ውል 17ኛ አንቀጹ በአማርኛው ፈቃድ፣ በጣሊያንኛው ግዴታ ሆኖ ተገኘ፤ ነገሩ የተቋጨው ዐድዋ ላይ ነው። በሮቦት ክበቦች ያለው የቃል ስሕተት ደም አያፈስም። ገንዘብና ጊዜ ግን ይበላል። «ጎማ» መባል ባለበት ቦታ «ሞተር» ይባላል፣ ከዚያ ደብዳቤ ይጻፋል።

«ለክበባችን ኃይለኛ ሞተሮችና ዘመናዊ ኪት እንዲገዛልን» የሚል ደብዳቤ። ከትምህርት ቤት ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ዞን ይጓዛል። መልሱ እስኪመጣ ሴሚስተሩ ያልቃል፤ የክበቡ ጎበዝ ልጅ ብሔራዊ ፈተናውን ተፈትኖ ይሄዳል። በደቡብ ወሎ ደግሞ ይህ ጥበቃ ቀልድ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. መግቢያ ጦርነቱ ደሴን፣ ኮምቦልቻን፣ ሐይቅንና አምባሰልን ባካለለ ጊዜ ወሎ ዩኒቨርሲቲን ጨምሮ የትምህርት ተቋማት ተዘርፈዋል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ የቀጠለው ግጭት የብዙ ልጆችን የትምህርት ዘመን በልቷል። እንዲህ ያለ ትውልድ ፊት ቆሞ «ኪት እስኪመጣ ጠብቁ» ማለት ጭካኔ ነው። የሚጠበቀው ዕቃ የማያስፈልግ ሲሆን ደግሞ ጭካኔው እጥፍ ይሆናል።

የሚያስፈልገው ዕውቀት እዚያው አስፋልት ዳር ቆሟል።

ከደሴ ተነሥቶ በሐይቅና በውጫሌ አድርጎ ወደ መርሳና ወልድያ የሚዘልቀውን መንገድ የሚመላለስ የአይሱዙ ሹፌር ስለ ጎማና መሬት የሚያውቀውን ያህል የሚያውቅ የሮቦት አሠልጣኝ ቢኖር ክበቦቻችን ሌላ መልክ ይኖራቸው ነበር። ሹፌሩ ባዶ መኪና ጭቃ ላይ እንደሚዳክር፣ የተጫነው ግን እንደሚያልፍ ያውቃል። የሚነዳው የኋላ እግር ነው፤ የኋላው እግር ላይ ጭነት ከሌለ ጎማው መሬቱን አይጨብጥም። ዳገት ከመጀመሩ በፊት ማርሽ ይቀንሳል፣ መሐል ላይ አይደለም። ፍሪሲዮኑን ቀስ አድርጎ ይለቃል። ጎማው ሊሾ ከሆነ ክረምት አይወጣበትም። ረዳቱም ታኮውን ይዞ ዝግጁ ነው። ለመስከረም 21 ወደ ግሸን ማርያም ምእመናን አሳፍሮ በዝናብ ማግስት አቀበቱን የወጣ ሹፌር ይህን ሁሉ በአንድ ቀን ይፈተንበታል።

ይህ ሰው ወደ ሮቦት ክበብ ተጋብዞ ያውቃል? የጎማ መለጠፊያ ቤት ያለው ጎሚስታስ? ጋሪ የሚነዳው ልጅስ? ጋሪ ነጂ ጭነቱን ሲደረድር ጥቂት ወደ ፊት ያዘነብለዋል፤ ክብደቱ ወደ ኋላ ካደላ እርግጫው ወደ ላይ ይነሣና ፈረሱ መሬት የሚረግጥበት ጉልበት ያጣል። «የክብደት ማዕከል» ብሎ አልተማረውም። ያውቀዋል ግን። ክበቡ ግን ከትምህርት ቤቱ በር ውጭ ዕውቀት ያለ አይመስለውም፤ በሩን የሚከፍተው ከውጭ አገር የመጣ ካርቶን ሲደርስ ብቻ ነው።

አሁን ሹፌሩ የሚያውቀው ነገር በቁጥር ይታይ። ሕጉ በሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ ውስጥ አለ፦ አንድ ጎማ ሳይንሸራተት ሊገፋ የሚችለው ከፍተኛ ኃይል፣ ጎማው ላይ ያረፈው ክብደት በሰበቃ ቁጥሩ ሲባዛ ነው። በቃ። ሞተር በዚህ ስሌት ውስጥ የለም።

30 ኪሎ አሸዋ የተሞላ የእንጨት ሳጥን የጣውላ ወለል ላይ አለ እንበል። የእንጨትና የእንጨት ሰበቃ 0.4 ገደማ ቢሆን ሳጥኑን ለማስነሣት የ12 ኪሎ ግፊት ይፈልጋል (ኒውተን ለሚመርጥ 118 ኒውተን ገደማ)። ሮቦቱ 20 ኪሎ ይመዝናል። አራቱም ጎማዎቹ ጠንካራ ፕላስቲክ ከሆኑና ሰበቃቸው 0.3 ቢሆን፣ አራቱም ቢነዱ እንኳ የሚገፋው 6 ኪሎ ነው። ሳጥኑ ይስቅበታል። የአውሮፕላን ሞተር ቢገጠምለትም 6 ኪሎ ነው! እነዚያው ጎማዎች በአሮጌ ካላማዳሪያ ተሸፍነው ሰበቃቸው ወደ 0.8 ቢወጣ ግፊቱ 16 ኪሎ ይሆናል፤ ሳጥኑ ይሄዳል። ያው ካላማዳሪያ ሆኖ የሚነዱት ሁለቱ ጎማዎች ብቻ ቢሆኑ፣ እነሱም የክብደቱን ግማሽ ብቻ ቢሸከሙ፣ ግፊቱ ወደ 8 ኪሎ ይወርዳል። ሳጥኑ እንደገና ቆመ። በሦስቱም ሙከራዎች ሞተሩ ያው ነው።

የካላማዳሪያው ዋጋ ስንት ነው? ጎሚስታው ሊጥለው ያስቀመጠው ነው።

እዚህ ላይ «ጎማውን ብናሰፋውስ?» የሚል ይመጣል። የተለመደ ጥያቄ ነው፤ መልሱም ብዙዎችን ያስገርማል። በመሠረቱ ስፋት ግፊትን አይጨምርም፤ ክብደቱ ያው ሆኖ በሰፊ ቦታ ተበተነ እንጂ አልበዛም። ላስቲክ ለስላሳ ነገር ስለሆነ ጥቂት ልዩነት ያመጣል፤ ከስፋቱ ይልቅ ግን ልስላሴውና ንጽሕናው ይበልጣል። አቧራ የያዘ ሰፊ ጎማ በእርጥብ ጨርቅ በተወለወለ ቀጭን ጎማ ይሸነፋል። በበጋ የሐይቅን አቧራ የሚያውቅ ሰው ከየግጥሚያው በፊት ጎማ መወልወል ለምን እንደሚያስፈልግ አይነገረውም።

ከሁሉ የሚበልጠው ብልሃት ግን ሌላ ነው። ሮቦቱ ከፊቱ ዝቅ ያለ ስለት ቢኖረውና ወደ ሳጥኑ ሥር ገብቶ ጠርዙን ጥቂት ቢያነሣው፣ ከሳጥኑ 30 ኪሎ ውስጥ 10 ኪሎው ሮቦቱ ላይ ያርፋል። ሮቦቱ አሁን 30 ኪሎ እየመዘነ ነው፤ ግፊቱ ወደ 24 ኪሎ ወጣ። ሳጥኑ ወለሉን የሚጫነው በ20 ኪሎ ብቻ ነው፤ የሚፈልገው ግፊት ወደ 8 ኪሎ ወረደ። እንቅፋት የነበረው ክብደት ለገፊው ጉልበት ሆነ። ክብደቱ ሁሉ የፊት ጎማ ላይ ተከምሮ የኋላው እንዳይንጠለጠል ባትሪውን ወደ ኋላ መሳብ ነው የቀረው። አንድ ቆርቆሮና አንድ መዶሻ። ይህን ለማስረዳት ኪት ምን ያደርጋል?

ጃፓኖች ከዚህ ውስጥ ትልቅ ስፖርት አውጥተዋል። እ.ኤ.አ. ከ1990 ገደማ ጀምሮ የሚካሄደው የሮቦት ሱሞ ሕጉ በአንድ ገጽ የሚያልቅ ዓይነት ነው፦ 3 ኪሎ የማይበልጥ፣ ከ20 በ20 ሳንቲሜትር የማይሰፋ ሮቦት፣ 154 ሳንቲሜትር ስፋት ባለው ክብ መድረክ ላይ ተጋጣሚውን ገፍቶ ያስወጣል። ለትንንሾቹ 500 ግራምና 77 ሳንቲሜትር ነው። ጎማው ላይ ሙጫ መቀባት ክልክል ነው፤ መፈተሻውም ወረቀት ነው። ሮቦቱ አንድ ኤ4 ወረቀት ላይ ተቀምጦ ሲነሣ ወረቀቱ ተለጥፎ አብሮ ከተነሣ ከውድድር ይወጣል። ሁለቱም እኩል 3 ኪሎ ናቸው፤ ሁለቱም ላስቲክ አላቸው። ታዲያ ማን ያሸንፋል? ብዙ ጊዜ ከሥር የገባው። የተጋጣሚውን ክብደት የሰረቀው።

እንዲህ ያለ ውድድር ለሐይቅ ትምህርት ቤት ከባድ ነው የሚል ሰው በግልጽ ይናገር።

ወሎ ከባድ ነገር በማንቀሳቀስ ረገድ ከማንም መማር የሌለበት ምድር ነው። ከአምባሰል በስተምዕራብ፣ ከበሽሎ ወንዝ ማዶ፣ መቅደላ አምባ ላይ ሴባስቶፖል እስከ ዛሬ ተጋድሞ አለ። ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ በአውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎች ያስወጡት መድፍ ነው፤ 7 ቶን ገደማ ይመዝናል። ከደብረ ታቦር በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ተነሥቶ መቅደላ የደረሰው በመጋቢት ነው። መሐል ላይ የጅዳና የበሽሎ ገደሎች ነበሩ።

ይህ ታሪክ ሁልጊዜ የሚነገረው በመድፉ መጠን ነው። ትልቅነቱ፣ ክብደቱ፣ አቀላለጡ። አዲስ አበባ ላይ ቴዎድሮስ አደባባይ የቆመው የእርሱ አምሳል ነው። የመንገዱ ግን አምሳል የለም፤ ዋናው የምህንድስና ሥራ መንገዱ ሆኖ ሳለ።

ስሌቱ እንዲህ ነው። 5 ሜትር ሲኬድ 1 ሜትር የሚወጣ ዳገት ቢወሰድ፣ 7 ቶኑን ወደ ላይ ለመሳብ ከዳገቱ ብቻ 1.4 ቶን ገደማ ይጠይቃል፤ የሠረገላው ጎማ ጥሬ መሬት ላይ የሚገጥመው እንቅፋት ሲታከልበት 2 ቶን ይደርሳል። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው በባዶ እግሩ ደረቅ አፈር ረግጦ፣ የእግሩ ሰበቃ 0.5 ቢሆን፣ ሳይንሸራተት ሊስብ የሚችለው 30 ኪሎ ገደማ ነው። ዳገቱ የራሱን ሰውነት ወደ ታች ስለሚስበው የሚተርፈው 20 ኪሎ አይሞላም። ስለዚህ ከመቶ ሰው በላይ በአንድ ትንፋሽ፣ አንድም እግር ሳያንሸራትት መሳብ አለበት። በአንድ ትንፋሽ የሚስብ መቶ ሰው ደግሞ የለም፤ ገመድ ይረግባል፣ አንዱ ይደክማል፣ ሌላው ያዳልጠዋል። ዳገቱ ሲከፋ ቁጥሩ ይበዛል። ሳቢዎቹ በመቶዎች የሚቆጠሩት ለዚህ ነው። አምስት መቶ ሰው ቢሆን 30 ቶን ክብደት መሬት ረግጧል ማለት ነው። ሰባቱን ቶን ያንቀሳቀሰው ይህ ሠላሳው ቶን ነው።

ቴዎድሮስ የሰው ቁጥር ሲጨምሩ ብቻ አልዋሉም። ያ «ሞተሩን አሳድጉት» ማለት ይሆን ነበር። ዳገቱን ቀነሱት። ገደሉን አስፈልፍለው የሚጠማዘዝ መንገድ አወጡ፤ ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ እያነሡ ይሠሩ እንደነበር አብረዋቸው የነበሩ አውሮፓውያን ጽፈዋል። መንገዱ ከመሥራታቸው የተነሣ የናፒየር ጦር እንኳ ኋላ ጅዳንና በሽሎን ሲሻገር በእርሱ ተጠቅሟል። መድፉ ንጉሡን አላዳናቸውም፤ መንገዱ ግን ለጠላትም እስኪተርፍ ድረስ ሠርቷል። ይህ መራራ ነው፤ ሆኖም የቱ ጥሩ ምህንድስና እንደነበር ይናገራል።

ዛሬም ልማዱ ያው ነው፤ የሚታየው ነገር ይጨበጨብለታል፣ መሬት የሚይዘው ነገር ይረሳል። በሰኔ 2010 ዓ.ም. ሶፊያ የምትባለው የሆንግ ኮንግ ሮቦት አዲስ አበባ መጥታ ነበር። ከአካሏ የተወሰነው ያለበት ሻንጣ ፍራንክፈርት አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ጠፍቶ እንደነበርም በወቅቱ ተዘግቧል። ያም ሆኖ ፎቶ ተነሣች፣ ተናገረች፣ ተጨበጨበላት። በሶፍትዌሯ ሥራ የአዲስ አበባው አይኮግ ላብስ እጅ ስላለበት ኩራቱ መሠረት አለው፤ ያን የሚነቅፍ የለም። የሚነቀፈው ከዚያ በኋላ የመጣው አስተሳሰብ ነው፦ ሮቦት ማለት ፊት ያለው፣ የሚያወራ፣ መብራት የሚያበራ ነገር ነው የሚል። በየኤግዚቢሽኑ እጅ የሚያውለበልብ ሮቦት ሲቀርብ የክብር እንግዳው ፈገግ ይላል። 30 ኪሎ የሚገፋ ዝገት የበላው ሳጥን መሳይ ነገር ቢቀርብ «ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?» ይባላል።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ተጀመረ። ይጀመር። ኮድ የማይችል ልጅ ነገ ይቸገራል። ለገፊ ሮቦት እንኳ ኮድ ይጠቅማል፤ የቆመ ነገር ሰበቃ ከሚንሸራተት ነገር ሰበቃ ስለሚበልጥ፣ ሞተሩን በአንዴ ከመክፈት ቀስ እያሉ ኃይል መጨመር ጎማውን ከመሾር ያድነዋል። ሹፌሩ በፍሪሲዮን የሚያደርገውን ፕሮግራሙ በቁጥር ያደርገዋል። ይሁን እንጂ 6 ኪሎ ብቻ የሚገፋን ሮቦት 16 ኪሎ እንዲገፋ የሚያደርግ የኮድ መስመር አልተጻፈም፤ አይጻፍምም። የአካልን ችግር በስክሪን ላይ መፈለግ የጠፋውን መርፌ መብራት ባለበት እንደመፈለግ ነው፤ እዚያ ስለጠፋ ሳይሆን እዚያ ስለሚታይ።

የኪት ወዳጆች አንድ ጠንካራ መከራከሪያ አላቸው፤ ሳይሸራረፍ መቅረብ አለበት። ዓለም አቀፍ ውድድሮች የሚካሄዱት በኪት ነው ይላሉ። እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 በዋሽንግተን ተጀምሮ በኋላ ሜክሲኮ ሲቲን፣ ዱባይን፣ ጄኔቫን፣ ሲንጋፖርን፣ አቴንስን ያዳረሰው ፈርስት ግሎባል ለየአገሩ አንድ ቡድን ይቀበላል፤ ለሁሉም ተመሳሳይ ኪት ይልካል። ልጆቻችን ኪቱን ካልለመዱት እዚያ ሄደው ይደናገራሉ፤ መምህራንም የተበታተነ ዕቃ ይዘው ከዜሮ ለመጀመር ጊዜና ሥልጠና የላቸውም ይላሉ።

ግን ከዚሁ መከራከሪያ ውስጥ መልሱ ይወጣል። ለሁሉም አገር የተላከው ኪት አንድ ዓይነት ከሆነ፣ ውጤቱ ለምን አንድ ዓይነት አልሆነም? ያው ሞተር፣ ያው ጎማ፣ ያው ብሎን ይዘው አንዱ አንደኛ፣ ሌላው መጨረሻ የሚወጣው በምንድን ነው? ኪቱ ካርቶን ውስጥ በሌለው ነገር። ክብደቱን የት እንዳስቀመጠ፣ ስንት ጎማ እንደነዳ፣ ማርሹን እንዴት እንደመረጠ። ይህን ሐይቅ ላይ በቆሻሻ ብረት የተማረ ልጅ ኪት ሲያገኝ በሁለት ሳምንት ይለምደዋል። ኪት ብቻ የለመደ ልጅ ግን መመሪያው ገጹ ሲያልቅ እሱም ያልቃል። ደግሞስ ለአገር አንድ ቡድን ነው የሚሄደው። የተሁለደሬና የአምባሰል ልጅ ዕጣ እስኪወጣለት ድረስ ምን ይሥራ?

የመምህራኑ ነገር ግን መከራከሪያ ብቻ ሳይሆን ቁስል ነው። ደመወዙ ወር የማያደርስ መምህር ላይ «ጋራዥ ሂድና ዕቃ ለቅም» የሚል ትእዛዝ መጫን ነውር ነው። ኪት የሚወደደው ለተማሪው ስለሚበጅ ብቻ ሳይሆን ለሪፖርት ስለሚመች ነው፤ ደረሰኝ አለው፣ ፎቶ ይነሣል፣ ንብረት ክፍል ይመዘገባል። ከጋራዥ የመጣ ሞተር ደረሰኝ የለውም። እንግዲህ መለወጥ ያለበት መምህሩ ሳይሆን ሪፖርቱ ነው። አሁን ለአንድ ኪት የሚመደበው ገንዘብ ለመምህሩ የትርፍ ሰዓት ክፍያና ለጋራዥ ባለሙያው የማስተማሪያ አበል ቢውል፣ ዓመቱን ሙሉ የሚሠራ ክበብ ይኖር ነበር። አበል ካልቀረ መብላት ያለበት እውነት የሚያውቀው ሰው ነው።

ዕቃው እንደሆነ ሩቅ አይደለም። ከተፈታታ መኪና የሚወጣ የዝናብ መጥረጊያ ሞተር በ12 ቮልት ይሠራል፣ ውስጡ ማርሽ ስላለው ቀርፋፋና ብርቱ ነው። በዝቅተኛው ፍጥነት በደቂቃ 45 ዙር ገደማ ቢዞር፣ 10 ሳንቲሜትር ስፋት ባለው ጎማ በሰከንድ 23 ሳንቲሜትር ገደማ ይሄዳል። ለገፊ ይበቃዋል። ባለ 20 ኪሎው ሮቦት 16 ኪሎ እንዲገፋ ከአራቱ ጎማዎች እያንዳንዱ 2 ኒውተን ሜትር ገደማ የመጠምዘዝ ኃይል ይፈልጋል፤ ሁለት የመጥረጊያ ሞተሮች በብስክሌት ካቴና አራቱንም ቢያዞሩ ያለ ጭንቀት ይወጡታል። ትልቅ ጎማ የሚያምረው ካለ ያስብበት፤ ጎማው በሰፋ ቁጥር ያው ሞተር የሚሰጠው ግፊት ይቀንሳል። ባትሪው 10 ኪሎ ቢመዝን ማማረር አያስፈልግም፤ ክብደት የሚፈለግበት ብቸኛው ሮቦት ይህ ነው። ዝቅ ተደርጎ በሚነዱት ጎማዎች መሐል ይቀመጥ። ፊውዝ አይረሳ፤ ቀጥ ብሎ የቆመ ሞተር ብዙ ጅረት ይስባል፣ ሽቦ ያቃጥላል።

እዚህ ላይ መነሻው ላይ የተባለው ነገር መልኩን ይቀይራል። በደንብ የታሰበበት ገፊ ሮቦት ከዐቅሙ በላይ የሆነ ነገር ሲገጥመው ጎማው መሾር አለበት! ሞተሩ ቀጥ ብሎ ከመቆሙ ጥቂት ቀደም ብሎ ጎማው እንዲለቅ ተደርጎ ይሠራል፤ ያን ጊዜ መንሸራተቱ የሞተሩ ጠባቂ ነው። ጥያቄው «ሾረ ወይስ አልሾረም?» አይደለም፤ «ስንት ኪሎ ላይ ሾረ?» ነው። በ6 ከሾረ ውርደት ነው፤ በ16 ከሾረ ክብር።

ይህን ለማወቅ ቤተ ሙከራ አይጠበቅም። አንድ ሜትር ጣውላ ላይ የጎማው ላስቲክ የተለበጠበት እንጨት ይቀመጥና ጣውላው በአንድ ጫፉ ቀስ እያለ ይነሣ። እንጨቱ መንሸራተት ሲጀምር ከፍታው ለአግድም ርቀቱ ይካፈል፤ የሰበቃ ቁጥሩ ያ ነው። ሮቦቱ ደግሞ ከኋላው በገመድ በሽቦ ጥቅልል ሚዛን ላይ ይታሰርና ጎማው እስኪሾር ይንዳ፤ ሚዛኑ የሚያሳየው ኪሎ እውነተኛ ዐቅሙ ነው። ሁለቱ ቁጥሮች ካልተስማሙ የሆነ ቦታ ክብደት የማይነዳ ጎማ ላይ አርፏል ማለት ነው። የዘጠነኛ ክፍል ልጅ በአንድ ከሰዓት ይጨርሰዋል። ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዘመን ሐይቅ እስጢፋኖስ ላይ ደቀ መዛሙርት ሰብስበው ሲያስተምሩ የነበረበት ምድር ላይ፣ «ዕቃ ስላልመጣ ትምህርት የለም» የሚለው ሰበብ በደንብ አይቀመጥም።

ስለዚህ የሐይቅና የውጫሌ ትምህርት ቤቶች ሊገጥሙ ቢነሡ ሕጉ አንድ ወረቀት አይሞላም። ሜዳው የጣውላ ወለል፣ ሳጥኑ ባለ 30 ኪሎ አሸዋ፣ ርቀቱ 2 ሜትር። የሮቦቱ ክብደት ከ20 ኪሎ አይበልጥም። ጎማው ላይ ሙጫ የለም፤ በወረቀት ይፈተሻል። ከካርቶን የወጣ ኪት አይከለከልም፤ ነጥብም አይጨምርም። ዳኞቹ አንድ የፊዚክስ መምህርና አንድ የአይሱዙ ሹፌር ናቸው። እያንዳንዱ ቡድን ከመግፋቱ በፊት በስንት ኪሎ ላይ ጎማው እንደሚሾር በኖራ ሰሌዳው ላይ ይጽፋል፤ ከዚያ ሚዛኑ ይታሰራል።